የውሻ አንገት ማሰሪያና መለያ፦ የትኛው ለየትኛው ውሻ?

የውሻ አንገት ማሰሪያ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ውሻውን መያዝ ነው። ሁለተኛው፣ ውሻው ቢጠፋ ያገኘው ሰው ባለቤቱን እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ጣጣው ሁለቱ ሥራዎች አይስማሙም። ለመያዝ የሚሆን ማሰሪያ የማይበጠስ፣ በቀላሉ የማይወልቅ መሆን አለበት። መለያ ለመሸከም ብቻ የሚሆን ግን አጥር ወይም ቅርንጫፍ ላይ ቢያዝ ውሻውን ከማነቅ ይልቅ ራሱ ቢለቅ ይሻላል። ብዙ ሰው ሁለቱንም ከአንድ ዕቃ ይጠብቃል። ከዚያ ወይ ውሻው ይጎዳል፣ ወይ ማሰሪያው ወልቆ መለያውም አብሮት ይጠፋል።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። ገመዱ ደረት ላይ ይታሰር፣ አንገት ላይ መለያ ብቻ ይቅር፣ ከቆዳ ሥር ቺፕ (የመለያ ቁጥር የያዘች ትንሽ መሣሪያ) ይግባ። ይሄ ግን ለሁሉም ውሻ አይመችም፤ ለሁሉም ኪስም እንደዚያው። ስለዚህ አማራጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

## መስፈርቶቹ

ቀለሙን፣ ጌጡንና የፋብሪካውን ስም ለጊዜው ተዉት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ማሰሪያው ችግር ሲመጣ ቶሎ ይፈታል ወይ የሚል ነው። ተረጋግቶ የተቀመጠ ውሻ ላይ አይደለም የምላችሁ፤ የሚንፈራገጥና ማሰሪያው አንገቱ ላይ የተወጠረበት ውሻ ላይ። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። ውሻው ደንግጦ ወደ ኋላ ቢያፈገፍግ ማሰሪያው በጭንቅላቱ ሾልኮ ይወጣል? መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር ይሄ ጥያቄ የሞትና የሕይወት ነው። ሦስተኛ፣ ውሻው ሲስብ ጫናው የት ላይ ያርፋል? አራተኛ፣ ቆዳውንና ፀጉሩን እንዴት ይይዛል? ይፈገፍጋል ወይ፣ ውሃ ይዞ ይቆያል ወይ?

ለመለያው ደግሞ ሌላ ሁለት ጥያቄ አለ። የማታውቁት ሰው፣ ምንም መሣሪያ ሳይዝ፣ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ሊያነበው ይችላል? ማሰሪያው ራሱ ቢጠፋስ ምን ይቀራል?

ዋጋ ከነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ልኩ ካልሆነ ውድ የቆዳ ማሰሪያ ይልቅ ልኩ የሆነ ርካሽ ናይሎን በስንት ጣዕሙ።

## ከሁሉም በፊት ልኩ

በልብስ ሰፊ ሜትር የአንገቱን ዙሪያ ለኩ፤ ማሰሪያው የሚያርፍበት ቦታ ላይ። ሜትር ከሌላችሁ በክር ለክታችሁ ክሩን ማስመሪያ ላይ ዘርጉት። ካሰራችሁ በኋላ በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት በጠፍጣፋው መግባት አለበት። ጣቶቻችሁ ታግለው ከገቡ ጠቧል። ሦስት አራት ጣት ከዋጠ ሰፍቷል። በጣም ትንሽ ለሆነ ውሻ አንድ ጣት ይበቃል።

የሰፋ ማሰሪያ የዋህ ይመስላል፤ አይደለም። ውሻው ራሱን ሲያክ የኋላ እግሩ ሊገባበት ይችላል። አንገቱን ሊልስ ጎንበስ ሲል ደግሞ የታችኛው መንጋጋው ውስጡ ይሰካና አፉን መዝጋት ያቅተዋል። የጠበበው ጉዳት የሚታየው ቀስ ብሎ ነው፤ መጀመሪያ ፀጉሩ ይሳሳል፣ ከዚያ ቆዳው ይቀላል፣ ከዚያ ይቆስላል።

ቡችላ ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ። ቡችላ በሳምንት ውስጥ ያድጋል፤ ማሰሪያው ግን አያድግም። ተረስቶ የቀረ ማሰሪያ ሥጋ ውስጥ ገብቶ በቀዶ ሕክምና የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ውሻውን ስለሚጠላ ሳይሆን ማንም ጣቱን አስገብቶ ስላላየ ብቻ ነው። ቡችላን በየሳምንቱ፣ ትልቅ ውሻን በየወሩ ፈትሹ። ፀጉራም ውሻ ደግሞ ዓይን ያታልላል። ላዩ ላይ ሰፊ የሚመስለው ማሰሪያ ሥሩ ጠብቆ ሊሆን ይችላል፤ ፀጉሩ ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ያው ማሰሪያ ይሰፋና በጭንቅላቱ ይወልቃል። ስለዚህ ፀጉሩን ባስቆረጣችሁ ቁጥር እንደገና ለኩ።

ስፋቱን በተመለከተ፣ ቀጭን ማሰሪያ ጫናውን አንድ ቦታ ላይ ያከማቸዋል። ለትንሽ ውሻ ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር፣ ለትልቅ 2.5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ጥሩ መነሻ ነው።

## የአንገት ማሰሪያ ዓይነቶች

### ባለ ብረት ዘለበት

እንደ ሱሪ ቀበቶ ምላስ ያለው ዘለበት ነው። ጠንካራ ነው፣ ለዓመታት ይቆያል፣ በድንገት አይከፈትም። ትልቅና ኃይለኛ ውሻ ላላቸው፣ በአንገት ማሰሪያ ካልሆነ አልይዘውም ለሚሉ ሰዎች የሚታመን ነው። ድክመቱ ሲወጠር መፍታት አለመቻሉ ነው። ምላሱን ከቀዳዳው ለማውጣት መጀመሪያ ማሰሪያውን የበለጠ ማጥበቅ ያስፈልጋል። አንገቱ ታንቆ የሚንፈራገጥ ውሻ ላይ ይሄን ማድረግ ከባድ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይቻልም።

### ባለ ፕላስቲክ ዘለበት

ሁለቱን ጎን ጫን ስትሉት ቀጭ ብሎ የሚከፈተው ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ይሄንን ነው፤ ለአብዛኛው ውሻ ጥሩ ምርጫ ነው። ማጥበቅ ሳያስፈልግ በአንድ እጅ ይፈታል። ጥራቱ ግን በጣም ይለያያል። ስትገዙ ዘለበቱን ዝጉና በሁለት እጃችሁ ጠንክራችሁ ወደ ጎንና ወደ ጎን ሳቡት፣ ጠምዘዝም አድርጉት። ከተከፈተ ወይም ሲንቋቋ ከሰማችሁ ተዉት። ከዚያ ገመድ የሚታሰርበትን የብረት ቀለበት እዩ። ጫፍና ጫፉ በብየዳ የተያያዘ መሆን አለበት። ክፍተቱ የሚታይ ከሆነ አንድ ቀን ውሻው ሲወረወር ቀለበቱ ይከፈታል። ስፌቱንም አገላብጡ፤ ቀለበቱ አጠገብ ያለው ክር ተደራርቦ የተሰፋ ነው ወይስ አንድ መስመር ብቻ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን አደጋ ልናገር። ሁለት ውሾች ሲጫወቱ አንገት ለአንገት ይናከሳሉ፤ ጨዋታ ነው። የአንዱ የታችኛ መንጋጋ ከሌላኛው ማሰሪያ ሥር ይገባና ይያዛል። የተያዘው ይደነግጣል፣ ራሱን ይጠመዝዛል፣ ማሰሪያው አብሮ ይጠመዘዛል፣ ሌላኛው ትንፋሽ ያጥረዋል። በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሰው ሲያይ የሚመጣለት ሁለቱን ጎትቶ ማለያየት ነው፤ ይሄ ግን የበለጠ ያንቃል። ማድረግ ያለባችሁ ተቃራኒውን ነው። አንድ ሰው አንዱን፣ ሌላው ሌላኛውን ይያዝና አስጠግቷቸው፣ ማሰሪያው ይላላ። ከዚያ ዘለበቱን ክፈቱ። ከተጠመዘዘ መንጋጋው የተያዘውን ውሻ ወደመጣበት አቅጣጫ መልሳችሁ አዙሩት። አሁንም እምቢ ካለ ማሰሪያው ይቆረጥ፤ ጫፉ ደነዝ የሆነ ጠንካራ መቀስ ውሾቹ የሚጫወቱበት ቦታ አቅራቢያ ቢኖር ያኔ ይጠቅማል። ከምንም በላይ የሚሻለው ግን ውሾች በታጠረ ቦታ ሲጫወቱ ማሰሪያውን ማውለቅ ነው።

የሽቦ ቤት ውስጥ ለሚያድር ውሻም እንዲሁ። የሚንጠለጠል መለያ በሽቦው መካከል ገብቶ ይሰካል። ውሻው ወደ ኋላ ሲስብ ይታነቃል፤ ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ ደራሽ የለውም። ከመግባቱ በፊት አውልቁለት።

### በራሱ የሚለቅ ማሰሪያ

ዘለበቱ በኃይል ሲሳብ ራሱ ይከፈታል። ለውሻ የሚሠራው ዓይነት ብዙ ጊዜ ሁለት የብረት ቀለበት አለው፣ ከዘለበቱ ግራና ቀኝ። ገመዱን በሁለቱም ላይ ስትይዙ ዘለበቱ ጫና አይደርስበትም፣ ስለዚህ አይከፈትም። በአንዱ ብቻ ከያዛችሁ ግን ይከፈትና ውሻው ይሄዳል። ግቢ ውስጥ ከሌላ ውሻ ጋር ለሚውል፣ አጥር ሥር ለሚሹለከለክ፣ ቁጥቋጦ ለሚያዘወትር ውሻ ይሄን እመርጣለሁ።

ድክመቱ ግልጽ ነው። ሥራውን በትክክል ሲሠራ መለያው መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ይሄን የመረጠ ሰው ቺፕ ግድ ይለዋል።

### በመጠኑ የሚጠብቅ ማሰሪያ

ማርቲንጌል ይባላል። ውሻው ሲስብ ጠበብ ይላል፣ ግን ከተወሰነ ልክ አያልፍም። የተሠራው እንደ ግሬይሀውንድ፣ ዊፔትና ሳሉኪ ላሉ፣ አንገታቸው ከጭንቅላታቸው ለሚሰፋ ውሾች ነው። እነዚህ ላይ ተራ ማሰሪያ ወደ ኋላ ሲሉ ይወልቃል። ለሚደነግጥ፣ ገና ከሰው ጋር ላልተላመደ ውሻም ይጠቅማል።

ልኩን በደንብ አስተካክሉ። ሙሉ በሙሉ ሲጠብቅ ልክ እንደ ተራ ማሰሪያ አንገቱ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ማነቂያ ሆነ ማለት ነው። ደግሞ ለመራመጃ ብቻ ይሁን። የሚንጠለጠለው ትርፍ ቀለበት ስለሚያዝ፣ ሰው በሌለበት አንገቱ ላይ አትተዉት።

### የሚያንቁ፣ የሚወጉና የሚነዝሩ

የማነቂያ ሰንሰለት ማቆሚያ የለውም፤ እስከተሳበ ድረስ ይጠብቃል። ባለ ጥርስ ማሰሪያ የብረት ሹሎቹን አንገት ላይ ይጫናል። የኤሌክትሪኩ ይነዝራል። ሦስቱም የሚሠሩት በሕመም ወይም በፍርሃት ነው፤ መለያ ለመሸከምም አልተሠሩም። ዌልስ ውስጥ የሚነዝረው ከ2010 ጀምሮ ተከልክሏል። ጀርመንም ውሻ ሲሠለጥን ባለ ጥርስ ማሰሪያና ሌላ የሚያሳምም መሣሪያ እንዳይውል ከ2022 ጀምሮ ከልክላለች። ውሻው ገመድ ስለሚስብ ነው ይሄን ልገዛ ያሰብኩት የምትሉ ካላችሁ፣ ያንን ገንዘብ ፊት ለፊቱ ቀለበት ላለው የደረት ማሰሪያ አውሉት።

### የደረት ማሰሪያ

ገመዱ የሚታሰረው ደረት ወይም ጀርባ ላይ ስለሆነ ጫናው ከጉሮሮ ይርቃል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ውሻ በአንገት ማሰሪያ ሲስብ በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት እንደሚጨምር፣ በደረት ማሰሪያ ሲስብ ግን እንደማይጨምር አሳይቷል። ግላኮማ ወይም ሌላ የዓይን ችግር ላለበት ውሻ ይሄ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። በ2020 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ ጥናት የተለያዩ ማሰሪያዎችን በሰው ሠራሽ አንገት ላይ ፈትኖ፣ ለሚስብ ውሻ ጉዳት የማያሰጋ የሚባል አንድም የአንገት ማሰሪያ አላገኘም፤ ስፖንጅ ያላቸውም ቢሆኑ። «ለስላሳ ነው፣ አይጎዳም» የሚለው የሻጭ ወሬ እዚህ ላይ ይወድቃል።

አፍንጫቸው ጠፍጣፋ የሆነ እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉ፣ እንዲሁም የአየር ቧንቧቸው በቀላሉ የሚደክም እንደ ዮርክሻየር ቴሪየር፣ ፖሜራኒያንና ቺዋዋ ያሉ ትንንሽ ዝርያዎች ገመዳቸው አንገት ላይ ባይታሰር ይመረጣል። ሲስቡ የሚያስሉ ከሆነ ለሐኪም አሳዩ።

የደረት ማሰሪያም እንከን አለው። ብብት ሥር ይፈገፍጋል፣ ልኩን ማግኘት ያስቸግራል፣ ቀኑን ሙሉ አይለበስም። ስለዚህ መለያውን እሱ ላይ ብቻ አታንጠልጥሉ፤ ቤት ስትገቡ ታወልቁታላችሁ፣ በር ተከፍቶ ቢወጣ ውሻው ራቁቱን ነው።

### ከምን የተሠራ?

ናይሎን ርካሽና ቀላል ነው፤ ውሃ ይይዛል፣ ይሸታል፣ ጠርዙ ሻካራ ከሆነ ይፈገፍጋል። ቆዳ እያደር ይለሰልሳል፣ ግን ውሃ ሲደጋገምበት ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ የሚያኝክ ቡችላ ካለ እርሱት። በፕላስቲክ የተለበጠ ጥብጣብ ውሃ አይገባውም፣ በጨርቅ ተጠርጎ ይጸዳል፤ ለሚዋኝ ወይም ጭቃ ለሚወድ ውሻ ተመራጭ ነው። ፀጉሩ ረጅም ለሆነ፣ ድቡልቡል ተደርጎ የተሰፋ ቆዳ ፀጉሩን አያዳብልም። ማታ ለምትወጡ አንጸባራቂ ክር ያለው ይሁን። የቁንጫ መከላከያ ማሰሪያ መድኃኒት ያለበት ስለሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ውሻ ካኘከው ይመርዛል፣ መለያም አይንጠልጠልበት።

## መለያው

### ምን ይጻፍበት?

ስልክ ቁጥር። ይሄ ካለ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው፤ ይሄ ከሌለ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ቢቻል ሁለት ቁጥር፦ አንዱ የናንተ፣ ሌላው ከናንተ ጋር የማይኖር፣ ስልክ የሚያነሳ ዘመድ ወይም ጓደኛ። ከውሻችሁ ጋር ድንበር የምትሻገሩ ከሆነ የአገር መለያ ቁጥሩን ጨምሩ። ቦታ ከተረፈ «መድኃኒት ይወስዳል» የሚል ጻፉ፣ እውነት ከሆነ፤ ያገኘው ሰው ነገ እደውላለሁ ብሎ እንዳያሳድር። «ቺፕ አለው» የሚለውም ጥሩ ነው። የውሻው ስም እንደፈለጋችሁ፤ ስሙን ሲጠሩት የሚረጋጋ ውሻ ካላችሁ ይጠቅማል፣ ለስሙ ብላችሁ ቁጥሩን ግን አታሳንሱት። አድራሻን በተመለከተ የምትኖሩበትን አገር ደንብ እዩ። ብሪታንያ ውስጥ ለምሳሌ በ1992 የወጣ ደንብ በአደባባይ የሚገኝ ውሻ ማሰሪያው ላይ የባለቤቱ ስምና አድራሻ እንዲኖር ያዛል።

### የሚንጠለጠል መለያ

በጣም የታወቀው ነው። ማንም አይቶ ያውቀዋል፣ ያነበዋል። ከማይዝግ ብረት ወይም ከናስ የተሠራና ጽሑፉ በደንብ የተቀረጸ ከሆነ ለዓመታት ይቆያል። ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ቀላልና ርካሽ ነው፤ ለትንሽ ውሻም አንገት አይከብድም፣ ግን ቶሎ ይቧጨራል። የታተመ እንጂ ያልተቀረጸ ጽሑፍ ይለቃል።

የሚረሳው ግን መለያው ሳይሆን ማንጠልጠያው ነው። በዋናው መለያ ላይ ገንዘብ ያወጣ ሰው ተጣምሞ ብቻ የተያዘች ቀጭን ሽቦ ላይ ያንጠለጥለዋል፣ ሽቦዋ ትከፈታለች፣ መለያው ይወድቃል፣ ለሳምንታት ማንም ልብ አይልም። ድርብ የተጠቀለለ፣ እንደ ቁልፍ መያዣ ዓይነት ቀለበት ተጠቀሙ። እሱንም ቢሆን አልፎ አልፎ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ውሻው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የብረቱ ቀለበት በመለያው ቀዳዳ ላይ ይፋተጋል። አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይሞላለቃል፤ ከላይ ያለችው ስስ ድልድይ ወረቀት ስታክል መለያው ሊወድቅ ቀናት ነው የቀሩት።

ኳኳታው የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ በመለያው ዙሪያ የሚገባ የጎማ ጠርዝ አለ።

### በማሰሪያው ላይ የሚተኛ መለያ

ጠፍጣፋ ሆኖ ማሰሪያው የሚሾልክበት ወይም በምስማር ዓይነት የሚጣበቅ ነው። አይንጠለጠልም፣ ስለዚህ ሽቦ ላይ አይያዝም፣ አይጮኽም፣ የሚበላሽ ቀለበት የለውም። ለአብዛኛው ውሻ ከሚንጠለጠለው ይልቅ ይሄን እመክራለሁ። ሁለት ነገር አስተውሉ። የሚሾልከው ከማሰሪያው ስፋት ጋር ልክ መሆን አለበት። የተጣበቀው ደግሞ ማሰሪያው ሲቀየር አብሮ ይቀራል፤ በፍጥነት ለሚያድግ ቡችላ ብክነት ነው። ሌላው ችግር ፀጉራም ውሻ ላይ መሸፈኑ ነው፤ ያገኘው ሰው መኖሩንም ላያውቅ ይችላል።

### በክር የተጠለፈ ቁጥር

ቁጥሩ በትልቁ ማሰሪያው ላይ ይጠለፋል። ይሄን ሰዎች አቅልለው ያዩታል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን የሚተካከለው የለም። ውሻችሁ ፈሪ ከሆነ፣ እንግዳ ሰው እጁን ዘርግቶ መለያ ገልብጦ እንዲያነብ አይፈቅድም። ትልቅ የተጠለፈ ቁጥር ግን ከሁለት ሦስት እርምጃ ላይ ይነበባል፤ በስልክ ፎቶ አንስቶ ማጉላትም ይቻላል። ከጊዜ ብዛት ክሩ ይደበዝዛል፣ ስልክ ስትቀይሩም ማሰሪያው በሙሉ ይቀየራል።

### ኪውአር ኮድ ያለው

በስልክ ካሜራ ሲነበብ ገጽ ይከፍታል፤ ብዙ መረጃ ይይዛል፣ ቁጥር ስትቀይሩ ሳትገዙ ታስተካክሉታላችሁ። ግን ያገኘው ሰው ስማርት ስልክ፣ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ያስፈልገዋል፤ ገጹን የያዘው ድርጅት ቢዘጋ ኮዱም አብሮ ይሞታል። ተጨማሪ ይሁን፣ ብቸኛ አይሁን። ጀርባው ላይ ቁጥር ይቀረጽ።

### መከታተያ መሣሪያዎች

ጂፒኤስ ያለው መከታተያ ውሻው ያለበትን ቦታ በስልክ ኔትወርክ ይልክላችኋል። አጥር ለሚዘል ውሻ ጥሩ ነው። ወርሃዊ ክፍያ አለው፣ ቻርጅ ይፈልጋል፣ ኔትወርክ በሌለበት ዝም ይላል፣ ትንሽ ውሻ ላይ ይከብዳል። እንደ ኤርታግ ያሉ የብሉቱዝ መለያዎች ደግሞ ሌላ ናቸው። ራሳቸው ቦታቸውን አያውቁም፤ የሚታዩት አጠገባቸው የሚያልፍ የሌላ ሰው ስልክ ሲኖር ነው። ሰው በሚበዛበት ከተማ ይሠራሉ፣ ገጠር ላይ እምብዛም። አምራቹም የሠራው ለዕቃ እንጂ ለእንስሳት አይደለም። ውስጡ ያለውን የሳንቲም ባትሪ ውሻ ቢውጠው ጉሮሮውን ሊያቃጥል ይችላል፤ ሁለት ውሾች የሚናከሱበት ቤት ይሄን አልመክርም።

ከሁሉ የሚገርመኝ መከታተያ ገዝቶ ስልክ ቁጥር ያላስቀረጸ ሰው ነው። ውሻውን ቀድሞ የሚያገኘው ጎረቤት መተግበሪያችሁን አይከፍትም።

### ማይክሮቺፕ

የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት ናት። ሐኪሙ በመርፌ ትከሻው መካከል ከቆዳ ሥር ያስገባታል። ባትሪ የላትም። ማንበቢያ ሲጠጋት የያዘችውን ቁጥር ታሳያለች፤ በዓለም አቀፉ ደረጃ የተሠራችው 15 አኃዝ አላት፣ በ134.2 ኪሎ ኸርዝ ትነበባለች። ሲያስገቡላችሁ ይሄን ደረጃ የምታሟላ መሆኗን ጠይቁ፤ ሁሉም ማንበቢያ ሁሉንም ቺፕ አያነብም።

ቺፕ ውሻው የት እንዳለ አይነግራችሁም። ይሄን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩ መዝገብ ላይ ካልተመዘገበ ወይም መዝገቡ ላይ ያለው ስልክ የድሮ ከሆነ አይረባም። በ2009 የታተመ፣ አሜሪካ ውስጥ 53 መጠለያዎችን ያየ ጥናት አለ። ከጠፉ ውሾች በአጠቃላይ ወደ ቤታቸው የተመለሱት 22 ከመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ ቺፕ ካላቸው ግን 52 ከመቶ ነበሩ። ባለቤታቸው ሳይገኝ ለቀሩት ቺፕ ላላቸው እንስሳት ዋናው ምክንያት ደግሞ የተሳሳተ ወይም የተቋረጠ ስልክ ነበር።

የቺፕ ጥቅሙ አይወልቅም። የመለያ ጥቅሙ መሣሪያ አይፈልግም። አንዱ ሌላውን አይተካም።

## በአጭሩ

| ምርጫ | ደህንነት | ዋና ድክመት | ለማን ይሆናል | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ባለ ብረት ዘለበት | ጠንካራ፣ በድንገት አይከፈትም | ሲወጠር አይፈታም | ትልቅ፣ ኃይለኛ ውሻ | መካከለኛ |
| ባለ ፕላስቲክ ዘለበት | ቶሎ ይፈታል | ጥራቱ ይለያያል | አብዛኛው ውሻ | ዝቅተኛ |
| በራሱ የሚለቅ | ከማነቅ ያድናል | መለያው ሊጠፋ ይችላል | አብረው የሚጫወቱ ውሾች | መካከለኛ |
| ማርቲንጌል | በጭንቅላት አይወልቅም | ያለ ሰው አይተውም | አንገተ ሰፊ፣ ፈሪ ውሻ | መካከለኛ |
| የደረት ማሰሪያ | ጉሮሮን አይጫንም | ቀኑን ሙሉ አይለበስም | የሚስብ፣ ትንሽ፣ አፍንጫው ጠፍጣፋ | መካከለኛ |
| የሚንጠለጠል መለያ | ማንም ያነበዋል | ይያዛል፣ ቀለበቱ ያልቃል | ፀጉራም ውሻ | ዝቅተኛ |
| የሚተኛ መለያ | አይያዝም | በፀጉር ይሸፈናል | አብዛኛው ውሻ | ዝቅተኛ |
| የተጠለፈ ቁጥር | ከርቀት ይነበባል | ይደበዝዛል | ፈሪ ውሻ | ዝቅተኛ |
| ጂፒኤስ | ቦታውን ያሳያል | ክፍያ፣ ቻርጅ፣ ኔትወርክ | የሚያመልጥ ውሻ | ከፍተኛ |
| ማይክሮቺፕ | አይወልቅም | ማንበቢያና ምዝገባ ይፈልጋል | ሁሉም | አንዴ ብቻ |

## እንግዲህ ምን ልግዛ?

እጅ ካጠረ፦ ልኩ የሆነ ባለ ፕላስቲክ ዘለበት ናይሎን በቂ ነው። መለያ መግዛት ካልተቻለ ስልካችሁን በማይለቅ ቀለም ማሰሪያው ላይ በትልቁ ጻፉ፣ ሲደበዝዝ ድገሙት። ይሄ ከባዶ ማሰሪያ በብዙ የሚሻል መለያ ነው፤ ማፈር አያስፈልግም። ትንሽ ገንዘብ ስትይዙ ቀጣዩ ወጪ ቺፕ ይሁን፣ የሚያምር ማሰሪያ አይደለም።

መካከለኛ አቅም ላላችሁ፦ ለመራመጃ የደረት ማሰሪያ፣ አንገት ላይ የሚተኛ መለያ ያለው ቀላል ማሰሪያ፣ ከዚያ ቺፕ። ለአብዛኛው ቤተሰብ የምመርጠው ይሄን ነው።

ቡችላ ካላችሁ ውድ ነገር አትግዙ። ርካሽና የሚስተካከል ማሰሪያ ይዛችሁ እድገቱ እስኪቆም ጠብቁ። ከአንድ በላይ ውሻ ያላችሁ ወይ በራሱ የሚለቀውን፣ ወይ በጨዋታ ሰዓት ባዶ አንገት። ፈሪ ውሻ ካላችሁ ውጭ ስትወጡ ማርቲንጌልና የደረት ማሰሪያ በአንድ ላይ፣ ቁጥሩም የተጠለፈ ይሁን። አጥር የሚዘል ከሆነ ጂፒኤሱ ይገባዋል፣ ግን ከሁሉም በኋላ።

ብዙ ሰዓት ታስሮ የሚውል ውሻ ያላችሁ ደግሞ፣ ማነቂያም ማርቲንጌልም በፍጹም አይሁን። ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ማሰሪያ፣ ገመዱ ወይም ሰንሰለቱ ላይ የሚሽከረከር ማያያዣ፣ በዙሪያው የሚጠመጠምበት ግንድም ሆነ የሚዘለው አጥር አይኑር። አጥር ዘሎ ገመዱ ያነቀው ውሻ ብዙ ነው። ከተቻለ ደግሞ ይፈታ፤ የታጠረ ግቢ ከየትኛውም ማሰሪያ ይሻላል።

መለያውን ያስገባችሁ ቀን በሌላ ስልክ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር እያነበባችሁ ደውሉ። አንድ አኃዝ የተዛነፈ መለያ ከሱቅ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ነው። ቺፑንም እንዲሁ ፈትኑ። ለክትባት ስትሄዱ ሐኪሙ በማንበቢያው እንዲያየው ጠይቁ፤ ቺፕ አንዳንዴ ከገባበት ቦታ ወደ ትከሻ ወይም ወደ ፊት እግር ሊንሸራተት ስለሚችል፣ ጀርባውን ብቻ አይቶ «የለም» እንዳይላችሁ ጎኑንና ደረቱንም ያዳርስ።